እትዬ ወርቅነሽ አላባዛም ያሉኝ ምዕራፍ

አልፌያለሁ! የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ዛሬ ጠዋት ወጣ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባኝን ነጥብ አምጥቻለሁ። እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው እኔ ውጤቴን በወረቀት ላስወጣ ወሰን ሰፈር ወዳለ ኮምፒውተር ቤት በረርኩ። ወረቀቱ ትኩስ እንደሆነ እጄ ላይ ሲያርፍ ያ የተቃጠለ ቀለም የሚመስል ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። እትዬ ወርቅነሽ ትዝ አሉኝ፤ ወዲያው ተናደድኩ።

ስምንተኛ ክፍል እያለሁ፣ እትዬ ወርቅነሽ ትምህርት ቤታችን በር ላይ፣ ከጋራዥ ጎን በተለጠፈች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ፎቶ ኮፒ ያነሱ ነበር። ማሽናቸው እንደታመመ ሰው ያቃስታል። ክዳኑ አልገጥም ስለሚል በክርናቸው ተጭነው ይይዙታል። ሲበዛ ቁጡ ነበሩ።

እኔ ያኔ ጎበዝ እባል ነበር። ለምን? ደብተሬ ስለሚያምር! ርዕሱ በቀይ፣ ትርጉሙ በሰማያዊ፣ ከስሩ በማስመሪያ የተሰመረ። የሳይንስ መምህራችን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ ያሳይና ከአስር አስር ይሰጠኛል። ሞዴል ፈተናውን ግን ወደቅኩ። ሚኒስትሪ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ እሱንም ከወደቅኩ ጓደኞቼ ዘጠነኛ ሲገቡ እኔ እዚያው መቅረቴ ነው። ታዲያ ምን አደረግኩ? የሌሎችን ማስታወሻ እየለመንኩ አባዛ ጀመር። ወረቀቱ ቦርሳዬ ከገባ ያጠናሁ ይመስለኛል።

አንድ ቀን እትዬ ወርቅነሽ የሰጠኋቸውን ወረቀት ደረታቸው ላይ ለጥፈው አፈጠጡብኝ።

«ይሄን ምዕራፍ ሳባዛልሽ ሦስተኛዬ ነው። ኩላሊት ምን ይሠራል?»

«ደም... ያጣራል።»

«ከዚያስ?»

ከኋላዬ የቆመ የታክሲ ሹፌር ሳቀ። «እትዬ፣ ፈተናውን ይተዉና መንጃ ፈቃዴን ያባዙልኝ!»

«አንተ ደግሞ ፍሬን የቱ እንደሆነ ሳትነግረኝ አላባዛልህም!»

ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። የሁሉም ሰው ደብተር ነበረኝ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ግን ምንም። አስረኛ ላይ ቀረሁ። አላባዛም!»

ማሽኑ ያበላሻቸውን ወረቀቶች ሰጡኝ። ደብተሬን ዘግቼ፣ የማስታውሰውን ብቻ በጀርባቸው እንድጽፍ አዘዙኝ። አራት መስመር ሆነች፤ ሁለቱ ስህተት። አፍሬ ላለቅስ ደረስኩ። «አሁን ደብተርሽን ክፈቺና የጎደለሽን ፈልጊ» አሉ። ከሦስት ቀን በኋላ ስመለስ ስለ ልብ ሳነብ ሰንብቻለሁ፤ እሳቸው የጠየቁኝ ግን ኩላሊትን። «እሱን እኮ ጨርሼዋለሁ!» ብላቸው፣ «ታዲያ የጨረስሽውን ንገሪኛ!» ብለው ጮኹብኝ። ረስቼው ነበር። ደግሜ ጻፍኩ። በሳምንቱም ደገምኩ። ቀስ በቀስ መስመሮቼ ገጽ መሙላት ጀመሩ።

ወሬው መምህራችን ጆሮ ደረሰ። ክፍል መሀል ቆሞ፣ «ኮፒ የምታነሳ ሴትዮ ናት አሉ አሁን የምታስተምራችሁ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

እኔም ሳቅኩ።

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። መምህሩም ያናድደኛል፤ ስንት ልጅ ለከለር እስክሪብቶ ነጥብ እየሸለመ ወደ ውድቀት እንደሸኘ ሳስብ ደሜ ይፈላል። ግን እኔስ? ከአፌ አንድ ቃል ብትወጣ ምን ነበረበት? «መምህር፣ ኩላሊትን ያወቅኩት በእሳቸው ነው» ማለት ብቻ! በማግስቱ ልጆቹ ሁሉ ኮፒ ለማንሳት ወደ ሌላ ቤት ሄዱ። እኔም እንዳይስቁብኝ ስል በእሳቸው ደጅ ማለፍ ትቼ በትምህርት ቤቱ ጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ።

ቤቴ ሆኜ እንዳስተማሩኝ እየጻፍኩ ሚኒስትሪን አለፍኩ። ልነግራቸውና ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሄድ ክፍሏ የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆናለች። «መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም፣ ልጃቸው ጋ ገቡ» አሉኝ። ብሎኩን የሚያውቅ አልነበረም። ሁለት ቅዳሜ ከበር በር ዞርኩ፤ አጣኋቸው።

አሁን ሰፈሬ የካ ሚካኤል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢያችን በረንዳ ላይ እሆናለሁ። ሞዴል የወደቃችሁ፣ ደብተራችሁ አምሮ ፈተና ላይ የሚጠፋባችሁ፣ ኑ፣ አስጠናችኋለሁ። የማታውቁትን ጮክ ብላችሁ አላውቅም በሉ። የሚስቅባችሁ ካለ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው፤ በዚህኛው ዙር ዝም አልልም።