ለትርንጎ የተሟገቱት መምህርት

መምህርት የኔነሽ ባሕር ዳር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሳምንት አርፈዋል። የተቀበሩት በተወለዱበት በአዲስ ቅዳም ነው። እኔ እሳቸው ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ፣ ዛሬ ዳንግላ ላይ ያንኑ ትምህርት የማስተምር ሰው ነኝ። ይህን ለሚያውቋቸው ሁሉ የምጽፈው በቀብራቸው ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ስላልተዋጠልኝ ነው። «የተማሪዎች እናት» ተባሉ። ያነበቡት ሰዎች እሳቸው በሕይወት ሳሉ «ተማሪ የሚያሞላቅቁ» ነበር የሚሏቸው።

ያስተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ከአገራችን ከአዊ ራቅ ያለ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ጠዋት ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆመው ፊታችንን ያዩ ነበር። «ያልበላ ሰው አሲድ አይነካም» ይሉና፣ ፊቱ የገረጣውን ከመግባቱ በፊት ኮሪደሩ ላይ አስቀምጠው ከቦርሳቸው ዳቦ ያወጡለታል። ሲያርሙ ግን ርኅራኄ አያውቁም ነበር። የተሳሳተ ስሌት አያልፉም፤ የተሳሳተውን ልጅ ግን ጠርተው ከጎናቸው አስቀምጠው እንደገና ያሠሩታል።

ትርንጎ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለ መንደር፣ በቤታቸው አዊኛ እየተናገረች ያደገች ልጅ ናት። ሁለተኛ ዓመት ላይ የቤተ ሙከራ ሪፖርቱና ፈተናው ሲደራረብ እንቅልፍ ራቃት፤ ምግብም መብላት ተወች። በተግባር ፈተናው ቀን የመስታወቱ ዕቃ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ፤ እሷም ትንፋሽ አጥሯት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፈታኙ መምህር ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣

«ይሄ ድራማ ነው። ሳይንስ የፈሪ አይደለም፤ ካልቻልሽ አገርሽ ግቢ» አላት።

መምህርት የኔነሽ ድምፁን ሰምተው ከጎረቤት ክፍል መጡ። ማንንም ሳይናገሩ እሷው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡና በአዊኛ ያነጋግሯት ጀመር። እኔ ቋንቋውን አልችልም፤ ያየሁት የትርንጎ ትንፋሽ ቀስ በቀስ ሲመለስ ነው።

በሳምንቱ ጉዳዩ ለትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ቀረበ። የተማሪዎች ተወካይ ስለነበርኩ ገብቼ ሰምቻለሁ። መምህርት የኔነሽ ልጅቷ ዳግም እንድትፈተን ጠየቁ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «እኛም በዚሁ መንገድ ነው ያለፍነው። ማን አባበለን?» አሉ።

«ማንም አላባበለንም» አሉ መምህርት የኔነሽ። «ለዚህ ነው እንዲህ የሆንነው። ውጤቱ ሲወርድ ሰነፍ እንለዋለን፤ ዓይኑ ቀልቶ ሲመጣ ሱሰኛ እንለዋለን፤ ሲያለቅስ አስመሳይ እንለዋለን። ይህ ልጅ ምን ቢሆን ነው የምናምነው?»

አንዱ ሳቀ። ጥያቄያቸው ውድቅ ሆነ። ትርንጎም ማንንም ሳትሰናበት ልብሷን ይዛ ሄደች።

ክረምት ላይ ለዕረፍት ስንገባ መምህርት የኔነሽ «አብረን እንጠይቃት» አሉኝ። ከእንጅባራ በባጃጅ ሄደን የቀረውን በጭቃ ተጓዝን። የትርንጎ አባት ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ ግቡ ሳይሉ፣ በአዊኛ አንድ ነገር ተናገሩ። መምህርቷም አንገታቸውን ደፍተው መለሱላቸው። የተባባሉትን የነገሩኝ ስንመለስ ነው። አባትየው «ደህና ልጅ ነበር የሰጠኋችሁ» አሉ። እሳቸውም «አዎ አባቴ፣ ደህና ልጅ ነው የሰጡን» ብለው መለሱ።

ያን ክረምት ደጋግመው ሄዱ። መጽሐፍ ይዘው አያውቁም። ከእናቷ ጋር ድንች ይኮተኩታሉ፤ ትርንጎም ተቀምጣ ታያቸዋለች። በመጨረሻ እሷም አብራ መኮትኮት፣ መብላት፣ መተኛት ጀመረች። አንድ ቀን «ልመለስ ይሆን?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«እኔ ልመልስሽ አይደለም የምመጣው» አሏት። «ደህና ሁኚልኝ፤ ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ልጅቷ መመለስን መረጠች፤ ለመመዝገብም ሄደች። ኃላፊው ግን «ጭንቀት የማትችል ልጅ ቦታ ትይዝብናለች» ብለው አሰናበቷት። ዛሬ ጫግኒ እህል መደብር ውስጥ ትሠራለች።

ከዚያ በኋላ መምህርት የኔነሽ የጨነቀው ተማሪ የሚገባበት አንድ ክፍል ይሰጠን ብለው ለመኑ። የተሰባበረ ወንበር የታጨቀበት መጋዘን ሰጧቸው። ከእኛ ጋር አጽድተው፣ ከሰዓት በኋላ እየተቀመጡ የመጣውን ሁሉ ያዳምጡ ነበር። ተማሪው ሲበዛ «መደበኛ ሥራቸውን ትተዋል» ተባለና ክፍሉም ያስተምሩት የነበረው የአንደኛ ዓመት ትምህርትም ተወሰደባቸው። የደም ግፊታቸው የጠናው ከዚያ ወዲህ ነው። ሐኪሙ ዕረፍት ሲያዝላቸው «ፈተና ደርሷል፤ ልጆቹን በዚህ ሰዓት አልተዋቸውም» ብለው እያስተማሩ ወደቁ።

በቀብሩ ላይ ኃላፊው ያ ክፍል በስማቸው እንደሚሰየም ተናገሩ፤ ሕዝቡም አመሰገነ። ሊሳፈሩ ሲሉ ጠጋ ብዬ «ክፍሉ ውስጥ ተማሪ የሚያዳምጥ ማን ይቀመጣል?» አልኳቸው።

«እሱን ገና አላሰብንበትም» ብለው ወደ አውቶቡሱ ገቡ።

ቲቸር የኔነሽ፣ ስምዎን በር ላይ ይለጥፉታል፤ ልከለክላቸው አልችልም። አሸነፉ ብዬም ላሳምርልዎ አልደፍርም፤ ብቻዎን ተሟግተው ተረትተዋል፤ እርስዎም ሽንገላ አይወዱም ነበር። ይልቅ አንድ ነገር ልንገርዎት። ትርንጎ ከጫግኒ መጥታ ከመቃብርዎ ራስጌ ቆማ ነበር። «እሳቸው ባይመጡ ኖሮ ያን ክረምት አልወጣውም ነበር» አለችኝ። በሕይወት አለች፣ ቲቸር። ይህን ይዘው በሰላም ይሂዱ።