የመጀመሪያዋ ማንኪያ

ስፌት ፋብሪካው ውስጥ ከአጠገቤ የምትቀመጠውን ሴት ቀጭኔ የምንላት አንገቷ ስለሚረዝም ነው። እሷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ እኔ እጅጌ እገጥማለሁ። ተናዳ አይቻት አላውቅም፤ በእሷ ፋንታ ስናደድ የኖርኩት እኔ ነኝ።

የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ የልጇ አንገት ገና አልጸናም ነበር። ለአማቷ ትታው ሥራ ገባች። ሌላ ማን አለ? ባሏ እንደሆነ እናቱ ፊት ትንፍሽ አይልም። አማቷ ገና ከጅምሩ፣ «ይሄ ልጅ ወተት ብቻ እየጠጣ መቼ ሰው ሊሆን ነው? ትንሽ ነገር ላቅምሰው» ማለት ጀመሩ።

ቀጭኔ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነርሷን ጠየቀች። ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው፣ አንገቱ ሲጸና፣ ደገፍ ሲያደርጉት ሲቀመጥ፣ ምግብ ሲያይ እጁን ሲሰድ፣ ማንኪያውን በምላሱ መግፋት ሲተው ምግብ ይጀምራል፤ እስከዚያ ጡት ብቻ አለቻት። ቤት ገብታ ለአማቷ አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። «እሺ ልጄ፣ እንዳልሽ» አሉ። ይህን ስትነግረኝ ደስታዋ ሌላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እኛ ምሳ ስንበላ እሷ ጨርቅ መጋዘን ገብታ ከጥቅሎቹ ጀርባ ጡቷን ታልባለች። ሱፐርቫይዘሩ «ላም ነው እንዴ የቀጠርነው?» እያለ ይስቃል። ምላሱ ይቆረጥና! አብረውት የሚስቁም ነበሩ። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ጠርሙሷን በፎጣ ጠቅልላ ታስቀምጣለች፤ ማታ ይዛ ትገባለች፤ በነጋታው ልጁ የሚጠጣው እሱን ነው። ጉንጯ እየገባ ሄደ። «የመጀመሪያዋን ማንኪያ በገዛ እጄ ላጉርሰው እንጂ ሌላው ለእሳቸው ይሁን» ትለኝ ነበር። ልጁ ቀኑን ሙሉ በሰው እቅፍ ነው የሚውለው፤ ያቺ ማንኪያ የእሷ ድርሻ ነበረች።

አንድ ቀን ፊቷ በርቶ መጣች። ትናንት ማታ ልጁ ጭኗ ላይ ተቀምጦ ዳቦዋን ሊቀማት ተንጠራርቷል። እሁድ ነይ አለችኝ፤ ሄድኩ።

ድንች ቀቅላ በሹካ ደፈጠጠች፣ በጡቷ ወተት አቀጠነችው። በማንኪያው ጫፍ ብቻ ጨልፋ ወደ አፉ አስጠጋች። እኔ አራት ልጅ አሳድጌአለሁ፤ የመጀመሪያዋን ማንኪያ ፊቱን ሳያጨማድድ፣ ግማሹን አገጩ ላይ ሳያፈስ የተቀበለ አንድም አላየሁም። ይሄኛው አፉን ከሩቅ ከፍቶ ጠበቀ። ማንኪያውን በከንፈሩ ጠርጎ ዋጠና እንደገና ከፈተ።

ቀጭኔ ክው አለች። ቀና ብላ አማቷን አየቻቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እማማ?»

«ኧረ ቆይቷል!» አሉ፣ እንዲያውም እየሳቁ። «ሥራ የገባሽ ሰሞን ነው ያስጀመርኩት። መጀመሪያ እየተፋ አስቸግሮኝ ነበር፤ ስኳር ሳደርግበት ለመደ።»

«ወተቱስ? በየቀኑ የማመጣው?»

«ያደረ ወተትማ ለልጄ አልሰጥም። እደፋዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። ልናገር ስነሳ ቀጭኔ እጄን ያዘችኝ። ልጁ አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል። የቀረውን ድንች አጉርሳ ጨረሰች። ሰኞ ጠዋት ሥራ አለ፤ ልጁን ለማን ትተወው? ለእኚያው ለአማቷ አቀብላው መጣች።