የወደቀው ክንፍ በየት በኩል ነው?

ባሌ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ሌላው ሰው ከሥራ ሲመለስ ዳቦ ይዞ ይገባል፤ እሱ አዲስ ፍሪጅ ታሽጎ የሚመጣበትን ነጭ ፎም ለቃቅሞ ይገባል። በዚያ ፎም በሪሞት የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ይሠራል። ከሶፋው በላይ ደርድሮ ሰቅሏቸዋል፤ ፍርፋሪው ከምንጣፌ ለቆ አያውቅም። ሰፈሩ «ካፒቴን» ይለዋል። እኔ ደግሞ «የሰው ባል ያመሻል፣ የእኔው ይበራል» እያልኩ ስነጫነጭ ኖሬአለሁ።

እሑድ ጠዋት ከሰፈራችን መጋዘኖች ጀርባ ወዳለው ሜዳ እንወጣለን። ሚዛኑን ሊያይ የአውሮፕላኑን ክንፍ ከሥር በሁለት ጣቶቹ ደግፎ ያነሳዋል። አፍንጫው ከደፋ ባትሪውን ወደ ኋላ፣ ጅራቱ ከወረደ ወደ ፊት ገፋ ያደርጋል፣ ትንፋሹን ውጦ። ልጆቻችንን ሲያቅፍ እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቀም። ከዚያ ይወረውረዋል። ከፍ ሲል ጣቶቹን ከሪሞቱ ያነሳል፤ ማንም ሳይነካው ቀጥ ብሎ ከሄደ ተስተካክሏል ማለት ነው። ያኔ ፊቱ እንደ ሕፃን ይሆናል። እውነቱን ለመናገር እኔ የማየው እሱን ነበር እንጂ አውሮፕላኑን ልብ ብዬው አላውቅም።

ዘንድሮ ዓይኑ ደከመ። ሐኪሙ «እንዳይብስ እንሞክራለን፤ የሄደው ግን አይመለስም» አለው። ባሌ ቤት ሲገባ ክንፎቹን ሁሉ ቀይ ቀባ።

ያን እሑድ ሰማዩ ወተት መስሏል፤ ነፋስ የሚባል የለም። የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ እንደ ንብ ይሰማል። ድንገት አንገቱን ወዲያ ወዲህ ማዞር ጀመረ።

«የታለ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ያውልህ! ወደ እኛ እየመጣ ነው። ወደ ግራ እየሸሸ ነው፣ ኧረ ወደ ቀኝ መልሰው!»

የሪሞቱን ዘንግ ወደ ቀኝ ገፋ። ጭራሽ ባሰበትና ሊገለበጥ ደረሰ።

«ወደ እኛ ሲመጣ ቀኙ ግራ ይሆናል» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «አቅጣጫውን ተዪውና፣ የወደቀው ክንፍ በየት በኩል ነው? ዝቅ ያለውን ብቻ ንገሪኝ።»

«በግራ! በእኔ በኩል!»

ዘንጉን ወደ እኔ ገፋ። ክንፉ ቀና አለ።

«አሁንስ?»

«ደህና ነው። እየወረደ ነው፤ የመጋዘኑ ጣሪያ ቁመት ላይ ደርሷል… አሁን የሰው ቁመት… አሁን ጉልበት…»

ሣሩ ላይ ተንሸራቶ እግራችን ሥር ቆመ። ባሌ ሪሞቱን ዘረጋልኝ።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ግድግዳ ላይ ይቀመጥ።»

ደሜ ፈላ። ዕድሜ ልኬን ፍርፋሪ የጠረግኩት ለዚህ ነው?

«ባትሪው አላለቀም አይደል? ተነስ፣ ወርውረው!»

ወረወረው። ቀይ ክንፉ በዚያ ነጭ ሰማይ ላይ ያለ ምንም ችኮላ እየራቀ ሲሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ለካ ያምራል።

«እጄን አንስቻለሁ» አለ። «ቀጥ ብሏል?»

«በግራ በኩል ወደቅ ብሏል፣ ትንሽ።»

በጣቱ ዘንጉን ነካ አደረገው። «አሁንስ?»

እንባዬ መጣ። ቶሎ ጠረግኩት፤ ለሁለት ሰው ማየት ነበረብኝ።