ሰም የቀባሁት ቦርሳ

ገንዳ ውሃ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ነሐሴ ነው፤ ዘመኑ የደርግ። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ደጃፍ ቆሜያለሁ። ጤና ረዳት ነኝ፤ የምሠራው በኮኪት መንገድ ካለው የሰሊጥ እርሻ ነው። ክረምት ሲገባ የዋልካው ጥቁር ጭቃ መኪና ስለማያሳልፍ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ እሮጣለሁ። እሮጣለሁ ያልሁት ለክብሬ ነው፤ የሚያየኝ ሰው ሆዴ ቀድሞ አምልጦኝ እሱን ለመያዝ የምከተል ይመስለዋል።

ጨርቅ ሻጭም ሰፊም የሆኑት ሐጂ ኑሩ አዲሱን ቦርሳ ጀርባዬ ላይ አሰሩልኝ። ከማዳበሪያ ጆንያ የውስጥ ላስቲክ በድርቡ የተሠራ ነው፤ ጠርዙን በጋለ ቢላ አጣብቀውታል፤ አፉ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ ይታሰራል። ክብደቱ ከባዶ ኪስ አይበልጥም።

«ይኸኛውን ደግሞ ቅቤ እንዳትቀባው፣ አንት የደጋ ሰው» አሉኝ።

«ሰም ነበር፣ ሐጂ።»

«ሰሙማ ቀለጠ።»

አልሳቅሁም። እሳቸውም አልሳቁም።

ባለፈው ሳምንት የያዝሁት የአቡጀዲ ቦርሳ የራሴ ጥበብ ነበር። አገሬ ዳንግላ አባቴ ጨርቅ በሰም አሽቶ ዝናብ ይመክትበት ነበርና እኔም እንደሱ አደረግሁ። የዳንግላ ፀሐይ ሰም አታቀልጥም። የቆላዋ ግን ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ጀርባዬን ጧፍ አደረገችው። ቀጥሎ ዝናቡ መጣ። እርሻው ስደርስ የወባው ክኒን ሊጥ ሆኗል፤ ስንቱ ለስንት ሰው እንደሚበቃ መለየት አልተቻለም። ሌላ ላመጣ ተመለስሁ። በማግስቱ ስደርስ ይማም የሚባል ከወሎ የመጣ የሰሊጥ አራሚ ክኒኑን ሲጠብቅ ሞቷል። ዛሬ በወባ የተኛው ታናሽ ወንድሙ ሰይድ ነው።

ኬላው፣ አንድ ሰዓት ከሩብ

ዝናቡ ወረደ። ጭቃው አንድ ጫማዬን ወስዶ አስቀረው፤ ሁለተኛውን በፈቃዴ ጥዬለት ሄድሁ። ኬላው ላይ አንድ ሚሊሺያ ጠመንጃውን በካፖርቱ ሸፍኖ ቆሟል።

«ክፈት።»

«የይለፍ ወረቀቴ ይኸው።»

«ወረቀትህን አየሁት። ቦርሳውን ክፈት።»

«ክኒን ነው፣ ወንድሜ። አሁን ከተከፈተ ያለቀለት ሰው አለ።»

«ማን ነው እሱ?»

«ባለፈው ሳምንት እርሻው ላይ የተቀበረው ልጅ ወንድም።»

ጥቂት አየኝ። ጠመንጃውን ለዝናቡ ትቶ ካፖርቱን አወለቀና በሁለታችን ራስ ላይ ዘረጋው። ከሥሩ ሆነን፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ፣ ቦርሳውን ከፍቼ አሳየሁት። ራሱ መልሶ ጠቀለለው።

«ያን ቀንም እኔ ነበርሁ ያሳለፍሁህ» አለኝ። «ጀርባህ እንደ ቀፎ ይሸት ነበር። በል ሩጥ።»

እርሻው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ከማሽላ አገዳ የተሠራ ዳስ ውስጥ ሰይድ በጆንያ ክምር ላይ ተኝቷል። ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ዓይኑ ቢጫ ነው። ክኒኑን ላወጣ ስል እጄን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ቦርሳውን ያሳዩኝ።»

ሰጠሁት። ክንዱን እስከ ክርኑ አስገብቶ ዳበሰ፤ አወጣና መዳፉን ጉንጩ ላይ አደረገ።

«ደረቅ ነው።»

«ደረቅ ነው፣ ሰይድ።»

«ከምን ተሠራ?»

«ከማዳበሪያ ጆንያ። ከውስጡ ላስቲክ።»

ቀስ ብሎ ተነሥቶ ተቀመጠና የተኛበትን ጆንያ ጫፍ ገለጠው። ላስቲኩ ከውስጥ ብቅ አለ፤ ቦርሳዬ የተሠራበት ያው ላስቲክ ነው።

«ይማምም እዚሁ ላይ ነበር የተኛው» አለ።

በራሴ ላይ የምቀልደው ቀልድ አልቆብኝ አያውቅም ነበር፤ ያኔ አለቀ። ከጭቃ የወጡ ባዶ እግሮቼን አጥፌ አጠገቡ ተቀመጥሁና ክኒኑን ከቦርሳው አወጣሁ።

ሰይድ መዳፉን ዘረጋ። «አምጡ እንግዲህ» አለኝ።

አራት ክኒን ቆጥሬ አስቀመጥሁለት።