ራሒማና ነጩ የእንጉዳይ ዱቄት

በሱዳኗ ከተማ ገዳሪፍ ውስጥ ሰው ሊያታልል ያሰበ ነጋዴ የራሒማ ሱቅ በር ላይ ሲደርስ መንገድ ይቀይራል ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይቀይርም። ይገባል፣ ይስቃል፣ ካርቶኑን ያወርዳል። የምትመልሰው እሷ ናት።

ራሒማ የመተማ ልጅ ናት። ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቋ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ፣ ከርከዴና የግራር ሙጫ ትሸጣለች። የሱዳኑ ጦርነት የመድኃኒት ቤቶችን መደርደሪያ ካራቆተ ወዲህ ደግሞ በየሱቁ የእንጉዳይ ካፕሱል ገብቷል። ለጉልበት፣ ለእንቅልፍ፣ ለስኳር፣ ለደም ብዛት ይላል። ጠርሙሱ ላይ ያልተጻፈ በሽታ ቢኖር ድህነት ብቻ ነው።

አከፋፋዩ ሉጥፊ ካርቶን ይዞ ሲመጣ ራሒማ ከላይ ያለውን ጠርሙስ አትነካም። ሰሊጥ ገዢዎች ጆንያውን በሹል ብረት ወግተው ከመሃሉ ናሙና እንደሚያወጡ ሁሉ፣ እሷም እጇን ወደ ታች ሰዳ ከመሃል ትመዝዛለች። ከዚያ ትጀምራለች።

«የትኛው እንጉዳይ ነው?»

«እንጉዳይ ነዋ፣ ያ ራሒማ» አለ፣ አንቺ ራሒማ ማለቱ ነው።

«ስም የለውም? ከላይ የበቀለው አካሉ ነው ወይስ ከሥር ያለው ነጭ ድሩ? ድሩ ከሆነስ ምን ላይ አሳደጉት? መርዛም ብረት እንደሌለበት ማን መረመረው?»

«ልታገቢው ነው እንዴ፣ ዘር ማንዘሩን የምትጠይቂው?»

«ባል ቢከፋ ይፈታል። ይሄ ሆድ ከገባ በኋላ ማን ይፈታዋል?»

ሉጥፊ ስቆ ካርቶኑን አነሳና ጎረቤት ሱቅ ገባ። እዚያ የጠየቀው የለም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ጥያቄው ከባድ ሆኖ አይደለም፤ መልሱ እንዳይመጣ ስለሚፈራ ነው የማይጠየቀው።

ራሒማ ይህን ያወቀችው በመጨቅጨቅ ነው። የምታውቀውን ፋርማሲስት እስኪሰለች ጠየቀች፣ ስልኳ ላይ በዓረብኛ አነበበች። የተረዳችው ነገር ቀላል ነው። አንዳንድ ፋብሪካ እንጉዳዩ እስኪወጣ አይጠብቅም። ድሩን በእህል ላይ ያሳድግና እህሉን ከነድሩ አድርቆ ይፈጨዋል። ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ግን ያማረ የእንጉዳይ ሥዕል ነው።

አሁን ወደ ኣባዲ ልምጣ። ኣባዲ ከትግራይ ጦርነት ሸሽቶ በቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ከሚስቱ ከሓረጉ ጋር የሚኖር ሽማግሌ ነው። ሑመራ ሳለ ሥራው ሰሊጥ መምረጥ ነበር። ዘርግቶ ያያል፣ ያሸታል፣ በጥርሱ ይሰብራል፣ ይፈርዳል፤ ፍርዱን የሚከራከር አልነበረም። የስኳር ሕመም አለበት።

ሓረጉ እየጎተተች ይዛው መጣች። የራሒማን ስም የሰማችው መጠለያው ውስጥ ካሉ ሻይ ሻጮች ነው።

«ሓፍተይ» አለቻት፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ «የክሊኒኩን ክኒን ትቶታል። ይሄን ነጭ ዱቄት ይዞ ዳንኩ ይላል። ውኃ እንደ ግመል ነው የሚጠጣው። የእግሩ ቁስልም አልደርቅ ብሏል።»

«እግሬን ተዪው» አለ ኣባዲ። ጠርሙሱን ከኪሱ አወጣ። የተገዛው ከዚያው ከጎረቤት ሱቅ ነው። «ጓለይ፣ ልጄ፣ እኔ ዝም ብዬ አልገዛሁም። ሁለት ዓይነት አሳዩኝ። አንዱ ቡናማ፣ መራራ፣ የተበላሸ ነገር ነው። ይሄኛው ነጭ፣ ንጹሕ፣ ሽታው ደስ የሚል፣ የማይመር። ዕድሜዬን ሰሊጥ ስመርጥ የኖርኩ ሰው ነጩን ትቼ ቡናማውን ልውሰድ?»

ለሰሊጥ ልክ ነው። የሑመራ ሰሊጥ የሚከበረው በነጭነቱ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተሳለው፣ እንጨት ላይ የሚበቅለው እንጉዳይ ግን ቡናማና መራራ ነው፤ ጣፋጭ ከሆነ ነው መጠርጠር። ሰሊጥ የማያውቅ ሰው እንዲህ አይሳሳትም። ኣባዲን ያሳሳተው የገዛ ሙያው ነው። ሌላ ባለሱቅ ቢሆን ወይ ይስቅበታል፣ ወይ «ልክ ነህ» ብሎ አንድ ጠርሙስ ይጨምርለታል። ራሒማ አልሳቀችም። አንዱን ካፕሱል ከፍታ መዳፉ ላይ አራገፈችው።

«ጋሼ ኣባዲ፣ ስሙን ይርሱት። ዓይንዎን ይጨፍኑና እንደ እህል ይቅመሱት። ገበያ ቢቀርብልዎ ምን ነው ይላሉ?»

ጨፈነ። በምላሱ አንከባለለው። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ማሽላ» አለ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ያውም የሰነበተ ማሽላ።»

እንግዲህ አስቡት። በማሽላ አገር፣ በመጠለያው የሚሰፈርለት ራሽን ማሽላ ለሆነ ሰው፣ ማሽላ በካፕሱል ሸጡለት። ያውም ለስኳር በሽተኛ። እናንተ ባለሱቆች፣ የማታውቁትን አትሽጡ ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?

ራሒማ ዱቄቱን በውኃ አፍልታ አቀዘቀዘችና ቁስል ላይ የሚቀባውን አዮዲን ጠብ አደረገችበት። ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። ከራሷ መደርደሪያ ያወረደችውን ቡናማ የእንጉዳይ ዱቄትም እንዲሁ አደረገች፤ የሻይ መልኩን እንደያዘ ቀረ።

«የጠቆረው እህል ነው። ያልጠቆረው እህል የለበትም ማለት ነው እንጂ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። መርዝ ቢኖርበት አዮዲን አይነግረኝም። ለዚያ የምርመራ ወረቀቱን አይቼ ነው ያስገባሁት።»

«እንግዲያው እሱን ስጪኝ።»

«አልሰጥዎትም።»

«ደህናው ነው አላልሽም?»

«በእንጉዳይነቱ ደህና ነው። የስኳር መድኃኒት ግን አይደለም። ሐኪሙን ጠይቆ፣ ክኒኑን ሳያቋርጥ ለሚመጣ እሸጣለሁ። ክኒኑን ጥሎ ለመጣ አልሸጥም።»

«ሌላ ሱቅ እሄዳለኋ።»

«ይሂዱ። ማሽላ አይጠፋም።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሓረጉ ናት። ኣባዲ ተቆጥቶ ዞረባት፤ ከዚያ እሱም አልቻለም።

ራሒማ ግን አላበቃችም። ጎንበስ ብላ የእግሩን ጨርቅ ገለጠች፣ አየች፣ መልሳ ሸፈነች። ገበያው በሚደራበት ሰዓት ሱቋን ቆልፋ ሁለቱን ረክሻ በሚሉት ባጃጅ አሳፍራ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሰልፉ ረጅም ነበር። «ሽማግሌው እግሩን ሊያጣ ነው» እያለች ከፊት ካሉት ጋር ተነታረከች፣ ለመነች፣ አስገባቻቸው። ነርሷ ጣቱን ወግታ ስኳሩን ለካችና ቁጥሩን እንዳየች ሐኪሙን ጠራች። ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ፣ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ የእግሩን ጣቶች እንቆርጥ ነበር አለ። ክኒኑን ዳግም አዘዘለት።

ሲወጡ ኣባዲ በሚስቱ ትከሻ ተደገፈ።

«ክኒኑን ከነገ ጀምሮ እውጣለሁ» አለ።

«ከዛሬ» አለች ሓረጉ፣ ከነጠላዋ ጫፍ ክኒኑን እየፈታች።

ራሒማ ለክኒኑ መዋጫ ውኃ ልትገዛ ቀድማ ሄዳ ነበር።