የግራው ስፒከር

ጎረቤቴን እሜቴ ሽቦ እንላታለን። የመኪና ቴፕ ትጠግናለች፤ እኔ ከግድግዳዋ ወዲህ ልብስ እሰፋለሁ። ካቻቪቴዋን ፀጉሯ ላይ ትሰካና ቀኑን ሙሉ ካቻቪቴ ስትፈልግ ትውላለች። ሥራዋን የሚያጣጥል ደንበኛ ከመጣ ግን ወዮለት! «ይኼን የሠራው ማነው?» ሲላት «እኔ ነኝ፤ ምን ልሁን?» ትለዋለች። እንዲህ ስለሆነች ነው የምወዳት።

አንድ ጠዋት አባቷ ታክሲያቸውን ደጃችን አቁመው በሩን እንዲህ ድርግም ሲያደርጉት የያዝኩት ስፌት ተዛነፈብኝ።

«ይኼ ቴፕ ሊያሳብደኝ ነው!» አሉ። «የቀኙ በር ስፒከር መጣሁ ሄድኩ ይላል፤ የግራው ጭራሽ ትንፍሽ አይልም። ትናንት ከሱ ጋር ስታገል ከግራ የመጣ ሞተር ሳይክል ሊገባብኝ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።»

የልጅቷ ፊት ልውጥ አለ። እንዲህ ለጥቂት ሲተርፉ የመጀመሪያቸው አይደለም። ምናለ ቤት ቢቀመጡ ያላቸው እንደሆነ «መሪ የለቀቅኩ ቀን ቅበሩኝ» ነው መልሳቸው። እሷ ደግሞ ከሳቸው በቀር ወላጅ የላትም። አንድ ቀን ክፉ ወሬ ይዘውልኝ ይመጣሉ እያለች እንደምትሰጋ ነግራኛለች።

እሜቴ ሥራ ላይ ግምት አትወድም። «ዕቃዎቹን ቦታ አቀያይር፤ ችግሩ አብሮት የሄደው ዕቃ ነው ጥፋተኛው» ትላለች፤ ሱቁን ከከፈተች ጀምሮ ይኼንን ስንሰማ ነው የኖርነው፤ አባቷም ጭምር። መጀመሪያ ቴፑን ከዳሽቦርዱ መዝዛ አወጣችው። ውስጡ ተቃጥሎ ጠቁሯል። «ይኼማ አብቅቶለታል» አለችና በአዲስ ቀየረችው። አባቷን መሪው ጋ አስቀምጣ፣ እሷ ከጎናቸው ሆና ዘፈን ከፈተች።

«አሁንስ?»

«ቀኙ ጠራ። ግራው ዱዳ ነው።»

የግራና የቀኙን ሽቦ አቀያየረች። ጥፋቱ የቴፑ ቢሆን ኖሮ አሁን ዝም የሚለው የቀኙ በር ነበር።

«አሁንስ?»

«ግራው ዱዳ ነው።»

የበሮቹን ሽፋን ፈታታ ስፒከሮቹን ራሳቸውን አቀያየረች።

«ግራው ዱዳ ነው አልኩሽ እኮ! አንቺ ልጅ ሥራው ጠፋብሽ እንዴ?»

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ስፌቴን ጥዬ ከኋላ ወንበር ገባሁ። ኧረ በስመአብ! የግራው ስፒከር ጥርስ እስኪያንቀጫቅጭ ይጮኻል! ልናገር አፌን ስከፍት እሜቴ በመስታወቱ አፈጠጠችብኝና ዋጥኩት። ሰፈሩ እንደሆነ «ሰውዬው በግራ ከጠሯቸው አይዞሩም» ካለ ሰንብቷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ወሬው ሁሉንም ቤት ሲያዳርስ እሳቸውና ልጃቸው ጋ ብቻ አልደረሰም።

እሜቴ እጇን በጨርቅ ጠረገችና ትንሽ አሰበች።

«አባዬ፣ ወንበሩ ላይ ተንበርክከህ ወደ ኋላ ዙርልኝ።»

«ምን? በሽማግሌ ልትቀልጂ?»

«ዙርልኝ ስልህ።»

እያጉረመረሙ ዞሩ። የወንበሩን መደገፊያ አቅፈው ከኔ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠጥን። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

«አሁንስ?»

«የኔ በር ዘፈነ! አበጀሽ የኔ ልጅ! ድሮም ያንቺ እጅ...» አሉና በመሃል ቆም አሉ። «ያኛው በር ግን ዝም አለ።»

ሽቦ የነካ ሰው የለም። ልጃቸውን አዩዋት፤ እጇ ላይ ከጨርቁ በቀር ምንም የለም። ቀስ ብለው መዳፋቸውን ግራ ጆሯቸው ላይ ደፉ፤ አነሱት፤ መልሰው ደፉት።

እሜቴ ቴፑን አጠፋችው። «አባዬ፣ ዱዳው ቴፑ አይደለም። ግራ ጆሮህ አይሰማም። ሐኪም ሳያይህ ይኼን መሪ አትይዝም።»

አሁን ሰማይና ምድሩን ያደባልቁታል ብዬ ጠበቅኩ። ሰውዬው ቀስ ብለው ወደ ፊት ዞረው ተቀመጡ፤ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

«እሱንስ ማን ይቀይርልኛል?» አሉ በመጨረሻ።

«አሁኑኑ ሄደን እንጠይቃለና» አለችና ወረደች።

ቁልፉን ነቀሉና ከመኪናው ወረዱ። በፊት ለፊት በኩል ዞረው፣ የተሳፋሪውን በር ከፍተው ተቀመጡ። ከዚያ እጃቸውን በመስኮቱ አውጥተው ቁልፉን ዘረጉላት።

«በይ ንጂ» አሏት።