እንግሊዝኛ ስማር የመጣው ደብዳቤ

የማትሪክ ውጤቴ ሲመጣ እንግሊዝኛ ላይ ኤፍ ነበረኝ። ናዝሬት አክስቴ ቤት አራት ዓመት ተቀምጬ ተምሬ፣ መጨረሻ ላይ ሻንጣዬን ይዤ በባቡር ወደ አዋሽ ተመለስኩ። አባቴ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ስለ ውጤቱ አልጠየቀኝም። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከፊት ከፊቴ ሄደ። እኔም አላዘንኩም። ያን ጊዜ እቤታችን ውስጥ ለማዘን ጉልበት የነበረው ሰው አልነበረም። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ደብዳቤው መምጣት ካቆመ ደግሞ ዓመት ሊሞላው ነበር።

ወላጆቼ ከወሎ የመጡ ናቸው። በመኪናው መንገድ ዳር፣ አሰብ ለሚመላለሱ ሾፌሮች ምግብ የምናቀርብባት ቤት ነበረችን። ከጀርባዋ አራት የሚከራዩ ክፍሎች አሉ። ከነዚያ በአንዱ የከተማው ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ይኖሩ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸውን በሻሽ ጥብቅ አድርገው የሚያስሩ ሴት ናቸው። ባላቸው አዲስ አበባ ታስረዋል፤ እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ነው ወደ አዋሽ የተዛወሩት። ይኼን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም።

እናቴ ናት የለመነችልኝ። ልጄ እንደገና ትፈተን ዘንድ ትንሽ ቢያስጠኗት ብላ። መምህርቷ እሺ አሉ፤ ነገር ግን በየቀኑ አንድ ገጽ ካልጻፈች አላስተምራትም ብለው ቃል አስገቡኝ። ፈተናው እኮ ምርጫ ነው፣ መክበብ ብቻ ነው፣ ለምን እጽፋለሁ ብዬ ጠየቅኳቸው። መክበብ የምትፈልጊ ከሆነ እኔ አላስፈልግሽም አሉኝ።

የአስር ሰላት ከተሰገደ በኋላ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ከሙቀቱ መንጣጣቱን ሲተው፣ በረንዳው ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። የመጀመሪያው ቀን ትእዛዝ «ትናንት የሆነውን ጻፊ» የሚል ነበር። ትናንት ምንም አልሆነም። ስለዚህ ትናንት ሙቀት ነበር ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ ዛሬም ሙቀት ነው፤ ነገም ሙቀት ይሆናል። ገጹ እስኪሞላ በዚሁ ቀጠልኩ። አንብበው መለሱልኝ።

«ሙቀቱን ሳትነግሪኝም አውቀዋለሁ» አሉ። «የማላውቀውን ጻፊልኝ።»

ከዚያ በኋላ የማያውቁትን መፈለግ ጀመርኩ። ጎማው የፈነዳበት ተሳቢ መንገዱን ዘግቶ መዋሉን ጻፍኩ። ወተት የምታመጣልን የአፋር ሴት ቆርቆሮዋ ታጥቦ እስኪመለስላት አንድ ሰዓት ሙሉ በራፉ ላይ ዝም ብላ መቀመጧን ጻፍኩ። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ሳይመጣ መቅረቱን፣ ሰውም ሳይበተን እዚያው ጣቢያው ውስጥ መተኛቱን ጻፍኩ። ገጹ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ይመለስልኛል። ለአንድ ሰው የሚጨመረውን ኤስ እረሳለሁ። ዘ መግባት ያለበት ቦታ አላስገባም፤ መግባት በሌለበት አስገባለሁ። ከሁሉ የከፋው ግን ጊዜ ነበር። ያለፈውን እንዳላለፈ አድርጌ እጽፋለሁ። ግሱንም እንደ አማርኛ ወደ መጨረሻ እገፋዋለሁ።

«እኛ ግሱን እስከ መጨረሻ ይዘን እንቆያለን፤ እነሱ ቶሎ ይናገራሉ» ይሉኛል። «ቶሎ ተናገሪ።»

አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ ሄዶ የተመለሰ ሰውና ሄዶ ያልተመለሰ ሰው በእንግሊዝኛ በሁለት የተለያዩ ቃላት እንደሚነገሩ አስረዱኝ። ቢን ካልሽ ሰውየው ሄዶ መጥቷል፤ ገን ካልሽ እዚያው ነው። ምሳሌ ጻፊ ሲሉኝ ወንድሜ አስመራ ሄዷል ብዬ ጻፍኩ፤ ቢን ብዬ። ገጹን ወደ እኔ አዙረው ጣታቸውን ቃሉ ላይ አሳረፉና ጠበቁኝ። ሰርዤ ገን ብዬ አስተካከልኩ። ትክክል ነው ብለው ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። እኔም አለፍኩ። ምንም አልተሰማኝም። እርማት ነበር፤ አረምኩት።

እንዲህ ስንል አምስት ወር ሄደ።

ደብዳቤው የመጣው በባቡር ነው። ከድሬዳዋ ወዲያ ልብስ እያመላለሰች የምትነግድ የእናቴ ወዳጅ ነበረች። ፍተሻ ስለሚበዛ ነገር ሁሉ የቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ሰፍታ ነው የምታመጣው። ያን ቀን ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ጓዳ ገብታ ጠርዙን በምላጭ ተረተረችና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ለእናቴ ሰጠቻት። ጅቡቲ የሚኖረው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ነው የላከው አለች። ውሃ ጠጥታ ሄደች።

አባቴ በሩን ዘጋው። ወረቀቱን ስንፈታው በእንግሊዝኛ ነው። አባቴ ቁርኣን ይቀራል፤ እናቴ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስሟን መጻፍ ተምራለች። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

የጻፈችው የውጭ አገር ነርስ ናት። ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዳ የጦር ምርኮኞችን አይታለች። ከነሱ አንዱ ወንድሜ ነው። እሱ መጻፍ ስላልተፈቀደለት በእሱ ምትክ ሆና ትጽፋለች። የአጎቱን አድራሻ በቃሉ ነገራት። እናቱ እንዳትጨነቅ ንገሪልኝ አላት። ደብዳቤው መድረሱን እርግጠኛ አይደለችም፤ ግን ቃል ገብታለታለች። ይኼ ሁሉ ንጹሕ፣ ቀላል እንግሊዝኛ ነበር፤ አንድም የማላውቀው ቃል አልነበረውም። መሐል ላይ ግን፣ ሳየው ደህና ነበር ይላል። ነበር። ከላይ ቀኝ ጥግ ላይ ቀኑ ተጽፏል። ከአሥራ ሦስት ወር በፊት ነው።

«ምን ትላለች?» አለች እናቴ።

አምስት ወር ሙሉ ያለፈውን ያለፈ ብዬ እንድጽፍ ስታረም ኖሬያለሁ። ያን ቃል ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

«ልጅሽ ደህና ነው ትላለች» አልኳት። «ምርኮኛ ሆኗል። እናቴ አትጨነቂ በያት ብሏታል።»

ቀኑን አላነበብኩላትም። እናቴ እዚያው ወለሉ ላይ ለሱጁድ ወደቀች፤ ለረጅም ጊዜም ቀና አላለችም። አባቴ ዓይኑን ከእኔ ሳያነሳ ሁሉንም ነው ያነበብሽው ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉንም አልኩት። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ ምድጃው ውስጥ ጨመረው። ያን ጊዜ ምርኮኛ ማለት በቀበሌው ዘንድ ከከዳ ሰው አይለይም፤ እንዲህ ያለ ወረቀት የተገኘበት ቤት ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን። ወረቀቱ እስኪነድ ቆመን አየነውና እያንዳንዳችን ወደ ሥራችን ሄድን። እኔ ሳህን አጠብኩ።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ደብተሬን ዘረጋሁ። ገጹን በሙሉ መንገድ ዳር ጎማ ስለሚጠግነው ጎሚስታ ጽፌ ነበር። ከታች ግን የነርሷን ዓረፍተ ነገር በቃሌ ይዤው ስለነበር እንዳለ ገለበጥኩት። መምህርቷ አንብበው እዚያ ሲደርሱ ቀዩን እስክሪብቶ አነሱና ቆሙ። ስህተት አልነበረውም።

«ይኼ የአንቺ አይደለም» አሉ።

«አይደለም።»

«ምንድን ነው ማወቅ የፈለግሽው?»

ሰው እንዲህ ብሎ ሲጽፍ አሁን ደህና አይደለም ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። በመንገዱ የጭነት መኪና አልፎ አቧራው እስኪወርድ ድረስ ጠበቁ።

«አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ጸሐፊው ስላየበት ሰዓት ብቻ ነው የሚናገረው። ከዚያ ወዲህ ያለውን አያውቀውም። የማያውቀውን ደግሞ አልጻፈም። ሐቀኛ ሰው ነው።»

ከዚያ ገጹን ከደብተሬ ላይ በጥንቃቄ ገነጠሉት። እንዲህ ያለ ነገር ደብተር ላይ አይጻፍም አሉኝ። አጣጥፈው ጡታቸው ሥር ከተቱትና ስለ ጎሚስታው በሌላ ወረቀት እንደገና እንድጽፍ አዘዙኝ። ከማን እንደመጣ፣ ስለ ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ለእሳቸውም እስር ቤት ደጃፍ ስለ ባላቸው የሚነገራቸው ቃል ምን ዓይነት እንደሆነ እኔ አልጠየቅኳቸውም። ጻፍኩ፤ አረሙ፤ ፀሐይ ጠለቀች።

እናቴ ደብዳቤው ከመጣበት ቀን ጀምሮ እራት መብላት ጀመረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ጁምዓ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ጓዳ ትጠራኝና በሹክሹክታ «እስኪ ያቺን ደብዳቤ በይልኝ» ትለኛለች። እኔም እላታለሁ። ደህና ነው ትላለች፣ ይበላል ይጠጣል ትላለች፣ እናቴ አትጨነቂ ይላል ትላለች። «ይበላል ይጠጣል» የሚለውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አንድ ቀን ገባና ቀረ። አልሐምዱሊላህ ትልና ወደ ድስቷ ትመለሳለች። ውሸቱ ያሳምመኛል ብዬ እጠብቅ ነበር። አላመመኝም። እንደ ግስ ርባታ በቃሌ የማወርደው ነገር ሆነ።

አባቴ ግን ጁምዓ ደርሶ እናቴ ስትጠራኝ ካየ ወጥቶ መንገድ ዳር ይቆማል።

ማትሪኩን ናዝሬት ሄጄ ሁለተኛ ተፈተንኩ። እንግሊዝኛ ላይ ሲ አገኘሁ፤ ለመምህራን ማሠልጠኛም በቃኝ። ውጤቱን ለመምህርቷ ልነግራቸው ስመጣ ክፍላቸው ባዶ ነበር። ወደ ደቡብ ተዛውረዋል፤ የዝውውር ደብዳቤው በደረሳቸው በሦስተኛው ቀን ሄደዋል። ሽፋን የሌለው መዝገበ ቃላታቸውን ለእኔ ብለው እናቴ ዘንድ ትተውልኝ ነበር። ማስታወሻ ይኖረዋል ብዬ ገጽ በገጽ ገለጥኩት። የለውም። ባላቸው ተፈትተው ይሁን ሳይፈቱ ቀርተው እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ደርግ ሲወድቅ እኔ እዚያው አዋሽ አስተምር ነበር። የተበተነው ወታደር በመንገዱ ሲጎርፍ እናቴ በራፏ ላይ ውሃ በባልዲ አስቀምጣ ለሚያልፈው ሁሉ ታጠጣለች፤ እያንዳንዱንም የልጇን ስም እየጠራች አይተኸው እንደሆን ትላለች። ማንም አላየውም። ጎርፉ አለቀ፤ ባልዲውን አስገባች።

ከአራት ወር በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ ከአንድ ጭነት መኪና ጋቢና አንድ ሰው ወረደ። ወንድሜ መሆኑን ያወቅኩት ባረማመዱ ነው። ፊቱ የሌላ ሰው ሆኗል። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች የሉም። እናቴ አልጮኸችም። ወደ እሱ እየሄደች በመሐል ቆማ መቃኑን ያዘች፤ እሱ ነው የመጣላት። አባቴ አስገባውና ወንበር ሰጠው፤ ልክ እንደ ደንበኛ። እኔ ትምህርት ቤት መሄድ ነበረብኝ። ሄጄ አስተምሬ ተመለስኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በረንዳው ላይ ሁለታችን ብቻ ስንቀመጥ ስለ ደብዳቤው አነሳ።

«ደርሷችሁ ነበር?»

«ደርሶናል።»

«ደህና ነው ብላ ጻፈች?»

አዎ አልኩት።

«እንደዚያ ብለሽ ጻፊ ብያት ነበር» አለ። «ያኔ ጣቶቼ ገና አልተቆረጡም። እጄ መሽተት ጀምሮ ነበር። እሷ እያየችው ነው የጻፈችው።»

መምህርቷ ስለ ጸሐፊው ሐቀኝነት የነገሩኝን አስታወስኩ፤ አልነገርኩትም። እኔ በበኩሌ ምን እንዳደረግኩም አልነገርኩትም። ለእናታችን እንዳትነግሪያት አለኝ፤ አልነግራትም አልኩት። ሻይ ቀዳሁለት፤ በግራ እጁ ጠጣ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖራለች። ልጇ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ እንኳ አንዳንድ ጁምዓ ደብዳቤውን እንድልላት ትጠራኝ ነበር፤ እሱም ዝም ብሎ ይሰማል። እኔ ዛሬ የምኖረው ሰመራ ነው። ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም፤ ሜዳ ነበር። እንግሊዝኛ እያስተማርኩ ጡረታ ወጣሁ። ወንድሜ ሎጊያ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ሱቅ ውስጥ ይሠራል። በየጊዜው በባጃጅ ይመጣና ምሳ እንበላለን። ስለ ጎማ ዋጋ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ልጆቹ ያወራል። የነርሷን ደብዳቤ ቃል በቃል ላስታውስ ብዬ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። የሚመጣልኝ ግን የእናቴ ነው፤ በአማርኛ የተረጎምኩላት፣ ይበላል ይጠጣል የሚለው።